ባቄላ ያልኩት ምስር

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሐመድዘይን፣ አርሲ ነገሌ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የወገብዎ ቁርጥማት በዚህ በጥር ብርድ ጠንቶብዎት ይሆን ወይስ እማዬ የምታሽዎት ቅባት አስታግሶልዎታል? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? ስንዴ እየነከሱ መድረቅ አለመድረቁን የሚያውቁበት ያ የፊት ጥርስዎስ በቦታው አለ ወይስ ከስንዴው ጋር አብሮ ተሸጠ? ይቅር ይበሉኝ፣ እጄ ከልማዱ አልወጣም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ከሩቅ ላየኝ ሰው ደህና ነኝ።

ሱሃይላ፣ ይህን ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ባለፈው ደብዳቤዬ መሃል «ጃዕፈር ለሱሃይላ ጫማ እልካለሁ ይላል» ብለሽ ከራስሽ ጨምረሽ እንዳነበብሽም ሰምቻለሁ። እህቴ መሆንሽን በዚያ አረጋገጥኩ። ዛሬ ግን አንዲት ቃል አትጨምሪ፣ አንዲት ቃልም አትዝለዪ። ድምፅሽ ከተያዘ ውሃ ጠጥተሽ ቀጥዪ።

አባባ፣ በስልክ አትነግረኝም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። በስልክማ ማን ያምነኛል? አምና ድምፄን አወፍሬ «ከመንግሥት ቢሮ ነው፣ ነገ ጠዋት ሚዛን መርማሪ ይመጣል» ብዬ ስደውል እርስዎና ዋናው ጫኝዎ ጋሽ ወዬሳ ያን ትልቅ ሚዛን ተጋግዛችሁ ገለባ ውስጥ ቀበራችሁት። ገዢ በመጣ ቁጥር «ሚዛኑ ታሟል» እያላችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋላችሁ። ንጹሕ ሚዛን ለምን እንደሚደበቅ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፣ እኔም በአክብሮት አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ግን የኔ ስልክ ሲጠራ ግቢው ሁሉ ገና ሳላወራ መሳቅ ይጀምራል። ስለዚህ ይህን በወረቀት አደረግኩት። ወረቀቱንም በፈውዚያ እጅ ላክሁ፤ እህል ልትጭን በየሳምንቱ ወደ እናንተ የምትመጣዋ የአዳማዋ ነጋዴ ናት። እሷ ቀልድ አታውቅም። ስታስነጥስ እንኳ አትፈግግም።

የምጽፍልዎ ስለ ጋሽ ወዬሳ ነው። ስለ ምላሱ ቁስል። በዚያም ጉዳይ ስላደረግሁት ነገር።

በመጀመሪያ ሥራዬን በትክክል ልንገርዎት። እማዬ ለጎረቤት «ልጄ አዳማ ላይ ጥርስ ሐኪም ሆኗል» ትላለች ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ዝም ብዬ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ጥርስ ክሊኒኩ ሲቀጥረኝ ወለል እጠርግ፣ መሣሪያ እቀቅል ነበር። በኋላ ጽሑፌ ስለሚነበብ ዶክተር ገላኔ ከጎኗ አቆመችኝ። እጇ ጓንት አጥልቆ የሰው አፍ ውስጥ ስለሚሆን እስክሪብቶ መያዝ አትችልም። እሷ እያየች ትናገራለች፣ እኔ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። በቃ ይኸው ነው ሐኪምነቴ።

አፍ ውስጥ ቁስል ወይም እብጠት ስታገኝ የምትናገርበት ቅደም ተከተል አላት፣ ተዛንፎባት አያውቅም። የት ቦታ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቀለሙን፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ይሁን ጠፍጣፋ፣ ሲነካ ይለስልስ ወይ ይጠጥር፣ ማመም አለማመሙን፣ ከጀመረ ስንት ጊዜው እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ አገጭ ሥርና አንገቱን ዳብሳ ዕጢ መኖር አለመኖሩን። አንድ ቀን ዐዋቂ መስዬ የበሽታውን ስም ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። «ስም አትቸኩል፤ ያየነውን ጻፍ። ስም ከወጣለት በኋላ ማንም ደግሞ አያየውም» አለችኝ። የሚያም ቁስል ሲመጣ አትደነግጥም። የሚያስጨንቃት ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀምጦ የማያም ቁስል ነው።

እኔን ያስቸገረኝ «ምን ያህል» የሚለው ነበር። በሚሊሜትር ትነግረኛለች፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቴም ያልገባኝ ሰው፣ አራቱን አሥራ አራት አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ተናዳ «በቃ በምታውቀው ጻፈው!» ብትለኝ «ምስር ያህል» ብዬ ጻፍኩ። ሳቀች። ከዚያ ወደደችው። ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከአሰላ የሚመጣ ገበሬ ሚሊሜትር አያውቅም፤ ቤቱ ሆኖ ደውሎ «ዶክተር፣ ከምስር ወደ ሽምብራ አደገብኝ» ሲላት ግን አይሳሳትም። እኔም ካርቶን ላይ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በተርታ ለጥፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላት። የዚያን ቀን እርስዎን አስቤ ኮራሁ። የአባቴን ዕውቀት ሐኪም ቤት አስገባሁ አልኩ።

ባለፈው ሐምሌ ጋሽ ወዬሳን «ልጄ እዚያ አለ፣ ይቆምልሃል» ብለው ላኩልኝ። ሲገባ ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ! በልጅነቴ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦኝ «ሃያ ኪሎ ውሸት!» እያለ ገበያውን ሁሉ ያስቅብኝ የነበረ ሰው ዛሬ የኔ እጅ ገባ አልኩ። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ሰው ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ መብራቱ ሲበራበት የወንበሩን ክንድ በሁለት እጁ ጨበጠ። ዶክተር ገላኔ ምላሱን በፋሻ ይዛ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ መናገር ጀመረች። ግራ የምላስ ጎን፣ ከተሰበረው መንጋጋ ጥርስ ትይዩ። ነጭ፣ መሃሉ ቀላ ያለ። ጠርዙ ትንሽ ከፍ ያለ። ሲነካ ጠጠር ያለ። አያምም። ከጀመረ ሦስት ሳምንት። አንገት ላይ ዕጢ የለም። ምስር ያህል።

እኔ «ባቄላ ያህል» ብዬ ጻፍኩ።

ላስደነግጠው ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ዶክተሯ እጇን ልትታጠብ ዞር ስትል ካርዱን አሳየሁትና «ጋሽ ወዬሳ፣ ምላስህ ላይ ባቄላ አብቅለሃል። ውሃ ካጠጣነው ለጥቅምት ገበያ ይደርሳል» አልኩት። «ዋይ! ባቄላ?» አለኝ። «ያውም የደጋ ባቄላ» አልኩት። «ሃያ ኪሎ ውሸት!» አለኝ፤ ግንባሩ ግን አልቦ ነበር። በሆዴ እየሳቅሁ ነበር አባባ። ሲወጣ ልሰርዘው ነበር፣ ወላሂ ልሰርዘው ነበር። ሌላ በሽተኛ ገባ፣ ካርዱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ፣ እኔም ረሳሁት።

ዶክተር ገላኔ የጥርሱን ስለት ሞርዳ፣ በጨው ውሃ እንዲጉመጠመጥ አዘዘችው። «በሁለት ሳምንት ተመለስ። ጥርሱ ያቆሰለው ከሆነ ይጠፋል። ካልጠፋ ከላዩ ቅንጣት ቆርጠን ለምርመራ እንልካለን» አለችው። በሁለት ሳምንቱ እሷ ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። በምትኳ የመጣው ዶክተር ሰይፈሚካኤል ደህና ሐኪም ነው፣ በዚህ ነገር ጥፋት የለበትም። ካርዱን አነበበ፣ ባቄላ ይላል። ምላሱን አየ፣ ቀና ብሎ የኔን ካርቶን አየና «ሽምብራ ያህል» አለኝ። ከባቄላ ወደ ሽምብራ ከወረደ እየዳነ ነው ብሎ ደስ አለው። «ጨው ውሃውን እንዳታቋርጥ፣ እንዲሁ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚቆይ ከሆነ ተመለስ» አለው።

እኔ በዚያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር። «ሽምብራ ያህል» ብዬ የጻፍኩት በዚሁ እጄ ነው። ስጽፍ የሐምሌው ቀልዴ ትዝ አለኝ። ግን ጋሽ ወዬሳ ከወንበሩ ዘሎ ግንባሬን ሳመኝ። «ገለቶሚ፣ ጃዕፈር ኮ!» ብሎ በኦሮምኛው አመሰገነኝና «በአንተ እጅ ዳንኩ» አለኝ። አሁን «ውሸት ነበር» ብል ሥራዬ ይሄዳል፣ እሱም ደስታው ይሄዳል አልኩ። በምስርና በሽምብራ መካከል ደግሞ ምን ያህል ነው አልኩ። አባባ፣ በምስርና በሽምብራ መካከል ምን ያህል እንዳለ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የእርስዎ ልጅ ሆኜ ነው ያን ያልኩት።

በታኅሣሥ ዶክተር ገላኔ ከወሊድ ተመለሰች። በሳምንቱ ጋሽ ወዬሳ መጣ። ሲናገር ትኩስ ድንች አፉ የያዘ ይመስላል፣ ቃሉ ይንከባለላል። አገጩ ሥር አብጧል። ዶክተሯ አፉን ከፍታ አየች፣ አንገቱን ዳበሰች። ከዚያ ካርዱን አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ይህ ቀንሶ ነበር እንዴ?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው። «እንዲህ ያለ ነገር ቀንሶ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። የማይገባኝ ይህ ሽምብራ ነው።» እኔ እስክሪብቶዬን እያየሁ ቆምኩ። አዲስ አበባ ሄዶ ናሙና እንዲሰጥና እንዲታከም ወረቀት ጻፈችለት፣ ሊቆረጥለት እንደሚችልም አልደበቀችውም። ጋሽ ወዬሳ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ቢላዋማ አይሆንም ዶክተር። በጨው ውሃ ከባቄላ ወደ ሽምብራ ያወረደልኝ ጌታ አሁንም ያወርድልኛል። ካርዱ ላይ አለልሽ፣ ጃዕፈር ጽፎታል» አላት። ያን ብሎ ወደ እናንተ ተመለሰ። እኔ የጻፍኩትን አምኖ ነው የተመለሰው፣ ይግባዎት አባባ። ሐኪሟ በአፏ የነገረችውን ትቶ የኔን ቀልድ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደሆንኩ ልንገርዎት። እርስዎ «ይህ ልጅ ሰው ሲስቅለት ነው የሚጠግበው» ይሉኝ ነበር። አሁን ሰው ማሳቅ አልችልም። ሰው ሲስቅ አፉ ይከፈታል፣ አፉ ሲከፈት ዓይኔ ሳላዘው ወደ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ወደ ዱከም ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት የፋብሪካ ልጅ ረዳቱ በተናገረው ነገር ከልቧ ስትስቅ፣ እኔ ግራ የምላስ ጎኗን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። አፍጥጬባት ኖሮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የባጃጅ ሹፌር ሲያዛጋ አያለሁ። ሕፃን ሲያለቅስ አያለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ሽምብራ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት ጋ ስደርስ መንገድ እሻገራለሁ። ሣህኗ ላይ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየኝ ይመስለኛል። አይስቁብኝ፣ ሽሮ እንኳ መብላት ትቻለሁ። ጥርሴን ስፋቅ ከኋላዬ «ባቄላ?» የሚል ሰው እሰማለሁ፣ ዞሬ ሳይ ማንም የለም። ድምፁ የጋሽ ወዬሳ ነው፣ ያውም የድሮው ድምፁ፣ ቃሉ ሳይንከባለል። ሰው በቁሙ እያለ ድምፁ መንፈስ ይሆናል እንዴ? እኔ በሙት እንጂ በሕያው ሰው መያዝን ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ያ ሦስት ሳምንትም በእሱ አንገት ላይ ነው የተቆጠረው። ባለፈው ረቡዕ ዶክተር ገላኔ ምሳዋን ሳትጨርስ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ተነስታ ካርቶኑን ከግድግዳው አወረደችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የጋሽ ወዬሳን ካርድ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ጻፍ» አለችኝ። «በሐምሌ ባቄላ ተብሎ የተጻፈው ውሸት ነው። ሐኪሟ ያለችው ምስር ነው። ቁስሉ ቀንሶ አያውቅም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያደገ ነው።» ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እሷም ከሥሩ ፈርማ ማኅተም አደረገችበት። የእርስዎ ስም እንዲህ ባለ ቦታ ከስሜ ጋር ተጽፎ ሳየው እጄን ልቆርጠው ነበር። አላባረረችኝም፤ ግን ከጎኗ አልቆምም፤ ወደ ወለሉ ተመልሻለሁ።

ወዲያው ለጋሽ ወዬሳ ደወለችለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። ሳቀ አባባ። «ያ ልጅ አንቺንም ያዘሽ? ሊያስደነግጠኝ ነው ዶክተር፣ እኔ አውቀዋለሁ» አላት። ስልኩን ተቀብዬ ወላሂ ብዬ ማልኩለት፣ በእማዬ ማልኩለት። «ዛሬ ደግሞ ሚዛን መርማሪ ሆነህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ዘጋው። በኋላ ብደውል አያነሳም።

አሁን የቀሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ኩንታሉ ዘጠና ነው ካሉት ጋሽ ወዬሳ ሳይመዝን ይሸከማል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖራችሁት። ፖስታው ውስጥ የካርዱን ቅጂ ከነማኅተሙ አድርጌያለሁ። ከጫኞቹ ፊት አያድርጉት፣ መጋዘን ውስጥ ለብቻው ይጥሩት። ሱሃይላ ደብዳቤውን ታንብብለት። ከዚያ አንዲት ምስርና አንዲት ሽምብራ መዳፉ ላይ ያስቀምጡለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከምስሯ ወደ ሽምብራዋ ነው የሄደው፣ ወዲህ አልመጣም ይበሉት። እሱ እህል ያውቃል።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። እርስዎ ስሜን ለማዳን «ሐኪሞቹ ተሳሳቱ» ሊሉት ያስቡ ይሆናል። እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ልጅዎ ነኝና ይሸፍኑኛል። አይሸፍኑኝ። ሐኪም ተሳሳተ ካሉት ሐኪም ዘንድ አይሄድም፣ አለቀ። ጃዕፈር ዋሸህ ካሉት ግን በእኔ ተናድዶም ቢሆን ይሄዳል። የኔ ውርደት ነው መንገድ የሚያስጀምረው። ገበያው ይስማ፣ መስጂዱም ይስማ፣ ግድ የለኝም። የበሽታውን ስም አልጽፍልዎትም፣ ናሙናው ሳይታይ ዶክተሯም አልጻፈችውም፤ እርስዎ ግን ይገባዎታል። ተስፋ አለው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ተስፋ የለውም አላልኩም፤ ጊዜ የለውም ነው ያልኩት» አለችኝ።

ቀጠሮው አዲስ አበባ ሰኞ የካቲት 3 ጠዋት ነው፣ ዶክተር ገላኔ ራሷ ደውላ ነው ያስያዘችለት። እሑድ ከነገሌ በሚነሳ መኪና ቢወጣ ሞጆ ላይ እጠብቀዋለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ መናኸሪያው ውስጥ እቆማለሁ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱን አያለሁ። ከዚያ ጀምሮ ዕቃውን የምሸከመው እኔ ነኝ፣ ከጎኑ የምተኛውም እኔ ነኝ። ሊመታኝ ቢፈልግ ይምታኝ። ሊያናግረኝ ካልፈለገ ከኋላው ሄጄ በሩን ብቻ አሳየዋለሁ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእናቴ ለበድሪያ፣ ጉልበቷን ስሜ፣ ልጇ ሐኪም እንዳልሆነ ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ዱዓዋን እንዳትተወኝ። ለሱሃይላ፣ ይህን ያለጭማሪ ካነበብሽ ጫማውን በእውነት እልካለሁ፣ ቁጥርሽን ጻፊልኝ። ለጫኞቹ ሁሉ፣ በያሉበት። ለዚያ ሁልጊዜ ለሚረግጠኝ ቀይ አህያም ጭምር፣ ልክ ነበርክ ይበሉልኝ። ለእማማ ቡዜ፣ ለጋሽ ወዬሳ ባለቤት፣ የባሏን ልብስ እሑድ ጠዋት ሳይሆን ቅዳሜ ማታ እንድታዘጋጅለት ከልመና ጋር።

ለጋሽ ወዬሳ ሰላምታ አልልክም አባባ፣ እንዳይሰጡብኝ። ከኔ እጅ የወጣ መልካም ነገር አንዴ ጎድቶታልና፣ መጀመሪያ መኪናው ላይ ይውጣ።

ልጅዎ
ጃዕፈር መሐመድዘይን
አዳማ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.